የከሰዓት በኋላ ሻይ ክፍል ስናሰናዳ፦ ከባዝ ከተማ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በባዝ ከተማ፣ በምሠራበት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ፣ ለዘጠኝ ዓመት የዕቃ ማከማቻ ሆኖ የቆየው የፊት ሳሎን ዛሬ ተከፈተ። የማረፊያው ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ፣ እናታቸው በዚህ ክፍል ለእንግዶች የከሰዓት በኋላ ሻይ ያቀርቡ እንደነበር ደጋግመው ያጫውቱኝ ነበር፤ አሁን አገልግሎቱን መልሰው ሊያቋቁሙ ወስነው ዝግጅቱን በእኔ ኃላፊነት ሥር አድርገውታል። የተሰጠን ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። ክፍሉ የማር መልክ ካለው ከባዝ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ ምዕራብ የሚያዩ ሦስት ረጃጅም መስኮቶች ስላሉት ሰው ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት ብርሃን አያጣም። ጉድለቱ ድምፅ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ምንም ያልተነጠፈበት ጣውላ በመሆኑ አንድ ወንበር ሲጎተት ክፍሉ በሙሉ ያስተጋባል። በዚህ ማስታወሻ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር፣ ዓመታቱን ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቀን 3

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የምናቀርበው ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ፈለግሁ። የተለመደው ታሪክ የሚጀምረው በ1840 አካባቢ ከሰባተኛው የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት ከአና ማሪያ ነው፤ እራት እየዘገየ በመሄዱ በምሳና በእራት መካከል የሚሰማቸውን ድካም በሻይ፣ በዳቦና በኬክ ማስታገስ ጀመሩ፤ በኋላም ወዳጆቻቸውን ይጋብዙ ጀመር ይባላል። የባዝ ሰው ግን ሻይን ከመሰባሰብ ጋር ያገናኘው ከዚያ ቀድሞ ነው። አርክቴክቱ ጆን ዉድ (ልጅየው) የነደፈውና በ1771 የተከፈተው የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ከዳንስ አዳራሹ ጎን ለብቻው የተሠራ የሻይ ክፍል ነበረው፤ ሰዎች በዳንሱ እረፍት ላይ ወደዚያ ገብተው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሻይ በዚያ ዘመን ውድ ነበር፤ መንግሥት በ1784 ቀረጡን ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ዝቅ ካደረገው በኋላ ነው በሰፊው የተዳረሰው።

አንድ ልዩነት እዚሁ ላይ ማስፈር ይገባኛል። ብዙ ጎብኚዎች የከሰዓት በኋላውን ሻይ «ሃይ ቲ» እያሉ ይጠሩታል፤ ስሙ ክብርን የሚያመለክት ስለሚመስላቸው ነው። ሃይ ቲ ግን ሠራተኛው ከሥራ ሲመለስ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ከሥጋና ከዳቦ ጋር የሚበላው የምሽት ማዕድ ነበር። የእኛው በዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በምቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱበት ነው። ይህን ማወቄ ወዲያው ለሥራ ጠቀመኝ፤ ወይዘሮዋ ሊገዙ ያሰቧቸውን ከፍ ያሉ የምግብ ቤት ጠረጴዛዎች ትተን፣ ለመብላትም ለመደገፍም የሚያመቹ 65 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸውን ስምንት ጠረጴዛዎች አዘዝን። በጠቅላላው 24 ሰው ያስተናግዳሉ።

ቀን 6

ዛሬ ሙሉ ቀን የዋለው በውኃ ላይ ነው።

ጠዋት ጥሩ የዳርጂሊንግ ሻይ አፍልቼ በነጭ ስኒ ብቀዳው መልኩ የደፈረሰ፣ ገጹ ላይ ስስ ቅባት የመሰለ ሽፋን የሰፈፈበት ሆኖ አገኘሁት። ቅጠሉ ያረጀ መስሎኝ ሌላ ጥቅል ከፈትሁ፤ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የቧንቧው ውኃ መሆኑ የታየኝ። በባዝ ዙሪያ ያለው ምድር የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ከሻይ ቅጠሉ ከሚወጡት፣ ፖሊፌኖል ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ጋር አየር ባለበት ሲገናኙ ያንን ሽፋን ይፈጥራሉ። በመመርመሪያ ወረቀት ስለካው በአንድ ሊትር ወደ 280 ሚሊ ግራም የሚጠጋ የካልሲየም ካርቦኔት መጠን አሳየኝ፤ ከ200 በላይ የሆነ ውኃ ጠጣር ይባላል። አንድ ቁራጭ ሎሚ ሽፋኑን ያጠፋዋል፤ ነገር ግን ወተት ለሚፈልግ እንግዳ ሎሚ መስጠት አይቻልም።

በመጨረሻ ከማፍያው በፊት የሚገጠም፣ ካልሲየሙን የሚያስቀር ማጣሪያ አስገጠምን። ከገጠምን በኋላ ለካሁት፤ ከ100 በታች ወርዶ ነበር። ያንኑ ዳርጂሊንግ በሁለት በራድ፣ አንዱን በቧንቧ ውኃ ሌላውን በተጣራው አፍልቼ ለወይዘሮዋ ሳልነግራቸው አቀረብሁላቸው። የመጀመሪያውን ቀምሰው ዝም አሉ፤ ሁለተኛውን ሲቀምሱ «ይኼ የእናቴ ሻይ ነው» አሉኝ። እናታቸው የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙ እንደነበር ያስታወሱት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ያህል ስለ ውኃ መጻፌ ለአንባቢ የበዛ ይመስለው ይሆናል። ሆኖም የሚያብረቀርቅ አዳራሽ፣ የወርቅ ቅብ መስተዋትና ባለ ፎቅ የኬክ ማቅረቢያ እያላቸው የደፈረሰ ሻይ የሚያቀርቡ ቤቶችን አይቻለሁ፤ የሻይ ቤት ተብሎ ሻዩ ከሁሉ የመጨረሻ ሐሳብ ሲሆን ያሳዝነኛል።

ቀን 9

የሻይ ዝርዝሩን አሳጠርን። መጀመሪያ 22 ዓይነት ጽፈን ነበር፤ አሁን ሰባት ቀርተዋል። አስተናጋጁ ስለ እያንዳንዱ ሁለት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር መናገር የማይችልበት ዝርዝር ለእንግዳው ጭንቅ ነው። የቀሩት እነዚህ ናቸው፦ ጠንካራና ወተት የሚችለው አሳም፤ በሂማላያ ግርጌ የሚበቅለውና በመጋቢትና በሚያዝያ የመጀመሪያ ለቀማው የሚደርሰው ዳርጂሊንግ፤ ቤርጋሞት ከተባለ የሎሚ ዘመድ ፍሬ በሚወጣ ዘይት መዓዛ የሚሰጠው ኧርል ግሬይ፤ በጥድ ጭስ የሚደርቀው የቻይናው ላፕሳንግ ሱሾንግ፤ የስሪላንካው ሲሎን፤ አንድ አረንጓዴ ሻይ፤ ካፌይን ለማይፈልግ ደግሞ ካሞሚል የተባለው አበባ። ስለ ሲሎን አንድ ነገር ልጨምር፤ የቡና አገር ሰው ሊያውቀው ይገባል። ያች ደሴት ቀድሞ የቡና እርሻ ነበረች፤ በ1869 የታየው የቡና ቅጠል ዋግ እርሻውን ካጠፋው በኋላ ነው ገበሬዎቹ በሰፊው ወደ ሻይ የዞሩት።

መጠኑን ለማስላት ከ1980 ጀምሮ የሚሠራበትን ዓለም አቀፍ የሻይ ማፍላት ደረጃ ተመለከትሁ፤ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 2 ግራም ቅጠል፣ ስድስት ደቂቃ ይላል። ይህ ግን ቀማሾች አንዱን ሻይ ከሌላው ለማወዳደር የሚጠቀሙበት መለኪያ ስለሆነ ለእንግዳ ይጠነክራል። እኛ ለአሳም አራት ደቂቃ፣ ለዳርጂሊንግ ሦስት ደቂቃ በፈላ ውኃ፣ ለአረንጓዴው ሁለት ደቂቃ በ75 ዲግሪ እንዲሆን ወስነን ለእያንዳንዱ የአሸዋ ሰዓት ገዛን።

ቀን 10

ከምድር ቤቱ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስኒዎች አወጣን፤ በስቶክ ኦን ትሬንት የተሠሩ፣ ግማሽ ያህሉ ከአጥንት አመድ የሚቦካው «ቦን ቻይና» የሚባለው ሸክላ ናቸው። ወደ ብርሃን ሲያነሡት ጣት በውስጡ ያሳያል፤ ከንፈሩም ስስ ስለሆነ ሻዩ ሳይታወቅ ይገባል። ስንጥቅ ያለባቸውን አሥራ አንዱን አስወገድን፤ ወይዘሮዋ አልቅሰው ፈቀዱ።

ቀን 13

ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ወደ ለንደን ሄድሁ። በዚህ ሙያ ታላላቆቹ የታወቁ ናቸው፤ በ1865 የተከፈተው ላንግሃም፣ በ1906 የተከፈተውና በፓልም ኮርት አዳራሹ በቀን አምስት ዙር ሻይ የሚያቀርበው ሪትዝ፣ ከ1707 ጀምሮ ሻይ የሚሸጠው ፎርትነም ኤንድ ሜሰን። የእኔ አቅም የፈቀደው ግን ስሙን ከማልጠራው አንድ ሆቴል ነበር። አዳራሹ እጅግ ያማረ፣ ኬኩም በጥበብ የተሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ከተቀመጥሁ በሰባ ደቂቃ ውስጥ ሒሳቡ ሳልጠይቅ መጣልኝ፤ ሁለተኛው በራድ ግን ጠይቄም አልመጣም። ከጎኔ የነበሩ ባልና ሚስት የጋብቻቸውን በዓል ለማክበር የመጡ ነበሩ፤ ሰዓታቸውን እያዩ ኬካቸውን በሣጥን አስጠቅልለው ወጡ።

በባቡር ስመለስ የመርሐ ግብራችንን ረቂቅ አወጣሁና በቀን ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ዘጠና ደቂቃ የሚለውን ሰረዝሁት። ቡና አፍልቶ እንግዳውን በአቦሉ የሚያሰናብት ቤት በአገራችን የሚታወቅበትን ስም አንባቢ ያውቀዋል።

ቀን 14

ወይዘሮዋ ሦስተኛውን ዙር መተው ከበዳቸው፤ የሚቀረው ገቢ ቀላል አይደለምና እውነት አላቸው። ሒሳቡን አብረን ሠራን። በመጨረሻ ሁለት ዙር እንዲሆን፣ የመጀመሪያው በ8 ሰዓት ከ30፣ ሁለተኛው በ10 ሰዓት ከ45 እንዲጀምር፣ እያንዳንዱም ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲሆን፣ ዋጋውም ከታሰበው 27 ፓውንድ ወደ 32 ፓውንድ ከፍ እንዲል ተስማማን። ለማሰናዳት የሚቀረን አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ እጅ መብዛት አለበት።

ቀን 18

ስኮን። ከሻይ ጋር የሚቀርብ ትንሽ ክብ ጋገራ ነው። የዛሬው አልተሳካም፤ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ ውስጡ የጠጠረ ወጣ።

ቀን 19

አብራኝ የምትሠራው ጋጋሪ ችግሩን ለየችው። ሊጡን እንደ ዳቦ አሽተነዋል፤ ስኮን ግን ሊጡ እንደተያያዘ እጅ መነሣት አለበት። ክብ መቁረጫውንም እያዞርን አውጥተነዋል፤ ሲዞር የሊጡ ጠርዝ ይጣበቅና በምድጃ ውስጥ ቀጥ ብሎ መነሣት ያቅተዋል። የእንቁላሉ ቅብም በጎኑ ሲወርድ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ለ450 ግራም ራሱን የሚያስነሣ ዱቄት 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 50 ግራም ስኳር፣ ሁለት እንቁላልና ጥቂት ወተት አድርገን፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ሳናሳንስ ዳምጠን፣ መቁረጫውን ቀጥ አድርገን ተጭነን፣ በ220 ዲግሪ ለ13 ደቂቃ ጋገርነው። ተነሣ፤ መሐሉም በእጅ ሲሰበር ራሱ ተከፈለ፤ ቢላ አላስፈለገውም።

ቀን 21

የስኮን ሌላው ጠላት ሰዓት ነው። ከምድጃ በወጣ በአሥር ደቂቃ የሚበላውና በአንድ ሰዓት የሚበላው አንድ ዓይነት ምግብ አይደለም። በልማዱ ባለ ሦስት ፎቁ ማቅረቢያ ከታች ሳንድዊች፣ ከመካከል ስኮን፣ ከላይ ኬክ ይዞ በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ እንግዳው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይበላል። እንዲህ ሲሆን ሳንድዊቹ እስኪያልቅ ስኮኑ በርዶ ይቆያል። ስለዚህ መካከለኛው ሰሃን ባዶውን እንዲቀርብና እንግዳው ሳንድዊቹን ሊጨርስ ሲል ትኩሱ ስኮን በጨርቅ ተሸፍኖ እንዲመጣ ሐሳብ አቀረብሁ። ወይዘሮዋ አልወደዱትም፤ ባዶ ሰሃን በእንግዳ ፊት ማቅረብ ነውር ነው አሉ። በሙከራው ቀን ግማሹን ጠረጴዛ በእርሳቸው፣ ግማሹን በእኔ ሐሳብ እናስተናግድ ብለን ተለያየን።

ቀን 22

ከስኮን ጋር የሚቀርበው ክሬም ወተት ላይ በዝግታ ሞቆና በዝግታ በርዶ የሚረጋው «ክሎትድ ክሬም» ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የኮርንዎል አውራጃ ክሬም ከ1998 ጀምሮ የትውልድ ቦታ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ቢያንስ 55 በመቶ ቅባት ሊኖረው ይገባል። የጎረቤቱ የዴቨን አውራጃ ሰው ክሬሙን አስቀድሞ ማርማላታውን ከላይ ያደርጋል፤ የኮርንዎል ሰው ማርማላታውን ያስቀድማል፤ ሁለቱም በዚህ ቀልድ አያውቁም። እኛ ሁለቱንም ለየብቻ በትንንሽ ሰሃን አቅርበን ምርጫውን ለእንግዳው እንተዋለን።

ቀን 24

ሳንድዊቾቹ አራት ናቸው፦ ኪያር፣ እንቁላል፣ የተጨሰ ሳልሞን፣ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን በ1953 የተፈጠረው በካሪ ቅመም የተለወሰ የዶሮ ሥጋ። ከሁሉ የከበደን ቀላል የሚመስለው ኪያር ነው፤ ተከትፎ ጨው ተነስንሶበት ግማሽ ሰዓት ውኃውን ካላንጠፈጠፈ ዳቦውን ያርሰዋል። ቅቤው እስከ ዳቦው ጠርዝ መቀባት አለበት፤ እርጥበት እንዳያልፍ የሚከለክለው እርሱ ነው። ዳቦው የትናንት ሲሆን በሥርዓት ይቆረጣል፤ ጠርዙ የሚነሣው ከተሞላ በኋላ ነው።

ቀን 26

ወረቀት። ለከተማው ምክር ቤት ምዝገባችንን ከመክፈቻው ከ28 ቀን በፊት ማስገባት ስለነበረብን አስቀድመን አድርሰናል። በሕግ የተዘረዘሩት 14 አለርጂ አምጪ ምግቦች በየትኛው ምግባችን ውስጥ እንዳሉ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ተሠርቶ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ተለጠፈ። ለወለሉ ወፍራም ምንጣፍ፣ ለመስኮቶቹ ከባድ መጋረጃ ገባ፤ ማስተጋባቱ ጠፋ። ሙዚቃ አይኖርም። ከዚህ ጥቂት ርቀት ላይ ባለው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተሠራው ፓምፕ ሩም በተባለው አዳራሽ፣ ሙዚቀኞች በአካል እየተጫወቱ ሻይ የመጠጣት ልማድ አለ፤ ያን ማድረግ ለማይችል ቤት ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ሙዚቃ ይልቅ የእንግዶቹ ወግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቀን 30

የሙከራ ቀን፤ ረቡዕ። አሥራ ሁለት ሰዎች ጋበዝን። ከእነርሱ መካከል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትን የፌርፊልድ ቤት ሊያዩ ከብሪስቶል የመጡ ሦስት ኢትዮጵያውያት እናቶች ነበሩ። ማቅረቢያው ጠረጴዛቸው ላይ እንዳረፈ ታላቂቱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ረሳኸው?» አሉኝ።

ረስቼው ነበር። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፤ ከኪያሩ ሳንድዊች ጀምሮ በዚያ ማቅረቢያ ላይ የሚጾም ሰው አፉ የሚያደርሰው አንድም ነገር አልነበረም። «ይቅርታ እማማ፣ የእኔ ጥፋት ነው» ብዬ፣ ወተት የሌለበት ዳቦ ከማርማላታ ጋር አቀረብሁላቸው፤ ሻያቸውንም በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በሄል አፈላሁላቸው። «አይዞህ» አሉኝ፤ ቢሆንም እንግዳ ጠርቶ ማዕድ ማሳጣት እንዴት እንደሚከብድ ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የበለጠ የቆረቆረኝ ደግሞ ሰዓቱ ነው፤ ጾመኛ የሚፈታበት 9 ሰዓትና የእኛ የሻይ ሰዓት አንድ ነበር።

ሌሎቹ ስሕተቶች፦ ቅጠሉ በራዱ ውስጥ ስለሚቆይ ሁለተኛው ስኒ መረረ። ሳንድዊቾቹ ከአርባ ደቂቃ በፊት ስለተዘጋጁ ጠርዛቸው ደረቀ። የስኮኑ ክርክር ግን ራሱ ተፈታ፤ ትኩሱ በኋላ የመጣላቸው ጠረጴዛዎች ሁሉንም ጨረሱት፤ በሌሎቹ ላይ ግማሹ ተመለሰ። ወይዘሮዋ የተመለሱትን ሰሃኖች አይተው፣ «ባዶውን ሰሃን አቅርበው» አሉኝ።

ቀን 33

ሻዩ ከእንግዲህ በወጥ ቤት በልኩ ይወጣል፤ ከዚያም በማጥለያ ተጠልሎ በሞቀ ሌላ በራድ ተገልብጦ ይቀርባል። ሳንድዊቹ የሚቆረጠው እንግዳው በር ሲገባ ነው፤ እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ በማቀዝቀዣ ይቆያል። ሁለተኛው በራድ የመጀመሪያው በቀረበ በአርባኛው ደቂቃ ሳይጠየቅ ይሄዳል።

የጾሙ ማዕድ ሦስት ቀን ወሰደብን። ስኮኑን በአትክልት ማርጋሪንና ሎሚ በተጨመረበት የአጃ ወተት ጋገርነው፤ በአራተኛው ሙከራ ከቅቤው ስኮን እኩል ተነሣ። በክሬሙ ፈንታ የቀዘቀዘ የኮኮናት ክሬም፣ በሳንድዊቹ ኪያር በአቮካዶና ሽንብራ ከተጠበሰ ቃሪያ ጋር ሆነ። ወይዘሮዋ የቅመሙን ሻይ በዝርዝሩ ላይ እንድናክለው ጠየቁኝ። አልፈቀድሁም፤ ይህ ክፍል የእንግሊዝ ልማድ የሚቀርብበት ነውና ልማዱ እንደራሱ ይቁም። ለጠየቀኝ ግን አፈላለታለሁ።

ቀን 39

ተከፈተ። በመጀመሪያው ዙር 19፣ በሁለተኛው 24 ሰው አስተናገድን። አንድ ስኒ ተሰበረ። ሁለተኛው በራድ ለሁሉም ጠረጴዛ ሳይጠየቅ ደርሷል። ቀኑ ዓርብ ስለነበር ከብሪስቶል የመጡት ታላቂቱ እናት ከልጃቸው ጋር ተመልሰው የጾሙን ማዕድ አዘዙ፤ ስኮኑን በእጃቸው ከፍለው ውስጡን አዩና፣ ሌላ ሳይናገሩ «ልጄ፣ ከዚህ ጨምርልኝ» አሉ። ከወጡት ሁሉ የመጨረሻዎቹ እርሳቸው ነበሩ፤ መጋረጃውን የዘጋሁት ከሸኘኋቸው በኋላ ነው።

የዳርጂሊንጉ ክምችት ለአሥር ቀን ብቻ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ትእዛዝ መላክ አለብኝ። የውኃው ማጣሪያ ሰኞ ይለካል።